ቡልቡላ ላይ የነበረው ድንጋይ

አባባ ማሳቸው ዳር ባቆሙት ድንጋይ አጠገብ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ አያልፉም ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ እዚያ የወደቁትን ወታደሮች የቀበሩት እሳቸው ናቸው። የየትኛው ወገን እንደሆኑ ስንጠይቃቸው፣ «ሬሳ መታወቂያ አይጠየቅም» ይሉን ነበር።

ቦሌ ቡልቡላ ላይ ኮንዶሚኒየም ሊሠራ ሲል፣ ዛሬ ስለ ደግነታቸው አውርተው የማይጠግቡት ወንድሞቼ፣ ካሳው እንዳይዘገይባቸው ስለ መቃብሩ ሳይናገሩ ድንጋዩን ነቅለው ጣሉት። አባባ ግን በኋላም መቃብሩ ላይ የተሠራው የኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር። ታላቅ ወንድሜ «አባባ፣ ይተዉ እንጂ፣ ጎረቤት ምን ይለናል!» እያለ በክንዳቸው ይጎትታቸዋል።

አባባ ሞተው ለቅሶ ላይ ሳለን አንዲት እናት ከወሎ መጡ። ልጃቸውን የቀበረው ሰው ቡልቡላ እንደሚኖር ገና መስማታቸው ነበር። የአባባን መሞት ስነግራቸው «ታዲያ ልጆቻቸው አላችሁ አይደል? እናንተ ታሳዩኛላችሁ» አሉኝ። ወንድሜ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከድንኳኑ ወጣ።

እኔ ይዣቸው ሄድኩ። ሰፊው ማቆሚያ በመኪና ሞልቷል። አባባ ሲጎተቱ ሁላችንም አይተናል፤ እግራቸው የቆመበትን ግን ማናችንም አላየንም። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «የቱ ጋ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።