አሥራ አንድ ገብተዋል

ዲምፍና ክላስ ጠዋት ላይ ፊቷ አይፈታም። ግንበኞቹ ይህን ስለሚያውቁ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በበሯ ሲያልፉ ቀልዳቸውን ዋጥ አድርገው ስማቸውን ይነግሯታል። እሷም ግንባታው በር ላይ በቆመችው የቢሮ ኮንቴይነሯ ውስጥ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱን ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ካየች በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ትመዘግበዋለች። ሕግ ነው። የግንባታ ሠራተኛ ሥራ ሳይጀምር ስሙ ለመንግሥት መድረስ አለበት፤ የሥጋ ፋብሪካውም እንደዚሁ፤ የጽዳት ሠራተኞችም በቅርቡ ተጨምረዋል። ሳይመዘገብ አካፋ የጨበጠ ሰው ከተገኘ ቅጣቱ አይጣል ነው።

ሌላ ቦታ ሰዉ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ «ገብቻለሁ» ይላል፤ ለቀረውም ጓደኛው ይሞላለታል። ዲምፍና ዘንድ ይህ አይሞከርም። «ያላየሁትን ሰው አልጽፍም» ካለች አለቀ። እንዲያውም አምና ሉዶ ቭራንከን የሚባለው ግንበኛ አውቶቡስ አምልጦት፣ «አሥር ደቂቃ ናት፣ ጻፊኝና ልምጣ» ብሎ ቢደውልላት፣ «መጀመሪያ ና፣ ከዚያ ትጻፋለህ» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ሉዶ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። «እሜቴ ምዝገባ» የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ሕጉን ያወጣው መንግሥት ሆኖ ሳለ ሁሉም የሚነጫነጨው በእሷ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

እሷን ግን ይህ አይሞቃትም አይበርዳትም። የዋተርስኻይ የማዕድን ቆፋሪዎች ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ሃሪ ክላስ ከሰል ዋሻው ውስጥ እግሩ ከተቀጠቀጠ በኋላ፣ ከላይ ተቀምጦ የናስ ቁጥር ጠባቂ ሆነ። ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ ሰው ሁሉ ቁጥር የተቀረጸባት ክብ ናስ ከመንጠቆዋ ያነሣል፤ ሲወጣ ይመልሳታል። መንጠቆው ባዶ ከሆነ ሰውዬው ገና መሬት ሥር ነው። ጓደኞቹ «የመንጠቆ ጌታ» እያሉ ያፌዙበት ነበር። ሃሪ ግን የመጨረሻው መንጠቆ ናሱን ሳያገኝ አንድም ቀን ቤቱ ገብቶ አያውቅም፤ የእናቷ ሾርባ ሁለቴ ሦስቴ ይሞቅ ነበር። የማዕድን ጉድጓዱ ሲዘጋ የመንጠቆዎቹን ሰሌዳ ከሃያ ናሶች ጋር ወደ ቤት ወሰደው፤ ሲሞት ለዲምፍና ቀረ። እኛ ሰፈር ቤትና መሬት የወረሰ ሞልቷል። ከእሷ የተሻለ የወረሰ ግን እኔ አላየሁም።

ሰሌዳው ዛሬ ኮንቴይነሯ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የመንግሥቱ መዝገብ ማን እንደገባ እንጂ ማን እንደወጣ አይጠይቃትም፤ ለመውጣቱ ናሱ አለ። ከሕንፃው የሚወጣ ሁሉ፣ ለምሳም ቢሆን፣ ጠዋት ሲገባ ያነሣውን ናስ መንጠቆው ላይ ይመልሳል። ኪሱ ረስቶት ቤቱ የሄደ ሰው ሰኞ ዕለት ለሁሉም የቼሪ ቶርታ ይገዛል። ሉዶ ሁለት ጊዜ ገዝቷል።

ዓርብ ዓርብ ምሳ ድንች ጥብስ ነው። ፎርማኑ ሩዲ ከሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ወረቀት ይቀድና እየዞረ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ማን ትልቅ፣ ማን ትንሽ፣ ማን ከነማዮኔዙ። ዲምፍናን ጠይቋት አያውቅም፤ እሷ ከቤቷ ያመጣችውን ዳቦና አይብ ኮንቴይነሯ ውስጥ ትበላለች። ከሁሉ ቀድሞ የሚያዝዘው ሉዶ ነው። መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው፤ ትልቁን ወስዶ ሁለት የሥጋ ጥብስ ያስጨምርበታል። «ሉዶ ድንች ጥብስ የተወ ዕለት ሰማይ ይደረመሳል» ይላሉ ጓደኞቹ።

ያን ዓርብ ጠዋት ሉዶ ቁጥር ሰባትን ከመንጠቆዋ ሲያነሣ ዲምፍና ብብቱ ሥር ሰማያዊ የምሳ ዕቃ አየች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መሣሪያ ነው።»

«ዓርብ ቀን ምሳ ቋጥረህ መጣህ?»

ፊቱ ቀላ። «እሜቴ፣ አንቺ ስሜን ጻፊ፣ ሆዴን ለኔ ተዪልኝ!» ብሎ እየተቆጣ ገባ።

የሚያድሱት ሕንፃ የድሮ ቢራ መጥመቂያ ነው፤ ከሥሩ በጡብ ቅስት የተሠራ ምድር ቤት አለው። ስድስት ሰዓት ላይ ሰዎቹ አጥሩ ጥግ ጣውላ ላይ ተደርድረው ድንቻቸውን ሲበሉ፣ የኋለኛው ግድግዳ ተደርምሶ የምድር ቤቱን ግማሽ ይዞት ወረደ። አቧራው ማዮኔዛቸው ላይ ሁሉ ተነሰነሰ።

የእሳት አደጋ ሰዎች ወዲያው ደረሱ። አዛዡ ዝግ ብሎ የሚናገር አጭር ሰው ነበር።

«ስንት ግንበኛ ነው ያላችሁ?»

ሩዲ የሲሚንቶ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ትእዛዙን ቆጠረ፤ ከዚያ ራሱን ጨምሮ ሰዎቹን ቆጠረ። «አሥር። አሥሩም እዚሁ አሉ፣ እግዜር ይመስገን።»

«አሥራ አንድ ገብተዋል» አለች ዲምፍና ከኋላው። «ሉዶ የለም።»

ሩዲ ሳቀ፤ ከሞት የተረፈ ሰው እንደሚስቀው ነው የሳቀው። «ሉዶ እዚህ ኖሮ ድንች ጥብስ ሳያዝዝ ቀረ? ይሄን ለማን ትነግሪያለሽ! ስዞር አጣሁት፤ ተመዝግቦ ሹልክ ብሏል። በፋሲካ ሰሞንም አድርጓታል እኮ።»

እውነቱን ነው፣ አንዴ አድርጓታል። ስልኩ ላይ ተደወለ፤ አይሠራም። ሚስቱ ፈረቃ ላይ ናት፤ አታነሣም። ሰዎቹም ከሩዲ ጋር አብረው ሳቁና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

አዛዡ ቀና ብሎ የቀረውን ግድግዳ አየ። ወደ ጎረቤት ቤቶች ዘመም ብሏል። «ይሄ አሁኑኑ ወደ ውስጥ መጣል አለበት» አለና ግቢው ውስጥ ለቆመው ኤክስካቫተር ሾፌር ምልክት ሰጠ። ወደ ውስጥ ማለት ምድር ቤቱ ላይ ማለት ነው።

ዲምፍና ኮንቴይነሯ ገባች። ሰሌዳውን ከነመንጠቆው ነቅላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋው ወጣችና ሄዳ ኤክስካቫተሩ ፊት ቆመች። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

«ሴትዮ፣ ዞር በይ ከዚያ!» ሾፌሩ ጮኸባት።

ወይ ፍንክች!

ሩዲ ሮጦ መጣ። «ዲምፊ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪን እንጂ! ናሱን ኪሱ ከቶ ሄዷል። ሰኞ ቶርታውን ይዞ ይመጣል።»

«ሉዶ ሦስተኛ ቶርታ ከሚገዛ ናሱን ይውጣታል» አለች። «ደግሞ ምሳ ዕቃ ይዞ ነው የገባው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሰማያዊ ነው። ሹልክ ብሎ ቤቱ የሚሄድ ሰው ምሳ ቋጥሮ ይመጣል?»

አዛዡ ቀረብ አለ።

«እመቤቴ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

ፈርታ ነበር። ተሳስታ ከሆነ ዕድሜ ልኳን የሰፈሩ መሳቂያ መሆኗ ነው፤ ካልተሳሳተች ደግሞ ሉዶ ከዚያ ሁሉ ጡብ ሥር ነው። ከሁለቱ የቱን እንደምትመርጥ ግን አልጠፋትም፤ መሳቂያ መሆኑን በወደደች።

«ሲወጣ አላየሁም፤ ሲገባ አይቻለሁ» አለች። «እኔ ያላየሁትን አልጽፍም፣ ጌታዬ፤ ያየሁትን ደግሞ አልሰርዝም። ለአምስት ደቂቃ ማሽኑን ሁሉ ያስጠፉልኝ።»

አዛዡ ባዶውን መንጠቆ አየ፤ እሷን አየ። እጁን አነሣ፤ ሞተሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ዲምፍና እስከ ተፈቀደላት ድረስ ቀርባ፣ ጠዋት ጠዋት በምትጣራበት በዚያው ኮምጣጣ ድምፅ ተጣራች።

«ሉዶ ቭራንከን!»

ምንም የለም።

«ሉዶ ቭራንከን! ቁጥር ሰባት!»

አንድ ጡብ ተንከባሎ ወረደ። ድንች የያዙት እጆች ሁሉ ባሉበት ቀሩ።

«ሉዶ ቭራንከን!»

ከፍርስራሹ ሥር፣ ከሩቅ፣ አቧራ ያነቀው ድምፅ መለሰ።

«አቤት፣ እሜቴ!»

ሩዲ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ግድግዳው መጣሉ ቀርቶ በብረትና በግንድ ተደገፈ፤ ጎረቤቶቹም ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። የእሳት አደጋ ሰዎቹ ጡቡን አንድ በአንድ እያነሡ ለአራት ሰዓት ያህል ቆፈሩ። ዲምፍናን ግቢና ተቀመጪ ቢሏት እንቢ ብላ፣ ሰሌዳዋን እንደታቀፈች ቆማ ጠበቀች።

ሉዶ ሳይወድቅ በቀረው ቅስት ሥር ተገኘ። እግሩ ተሰብሯል፤ አንደበቱ ግን ደህና ነው። በቃሬዛ ሲያወጡት ሩዲ እጁን ይዞ፣ «ምን ልትሠራ ወረድክ፣ አንተ ሰውዬ?» አለው።

«ዶክተሩ ስብ ከለከለኝ» አለ ሉዶ ዓይኑን ሰብሮ። «ሰላጣ ስበላ እንዳታዩኝ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ወሬ ወር ሙሉ ያስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ሉዶ ቃሬዛው ላይ እንዳለ ወደ ዲምፍና ዞሮ ቡጢውን ፈታው። ናሱ መዳፉ ላይ ነበረ። ተቀበለችው፤ በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና ሁሉም እያዩ ሰባተኛው መንጠቆ ላይ ሰቀለችው።

«ወጥተሃል» አለችው። «አሁን ሂድ።»

ከዚያ በኋላ ነው ኮቷን ለብሳ ወደ ቤቷ የሄደችው።

በሳምንቱ ዓርብ ሩዲ ወረቀቱን ይዞ እንደ ልማዱ አልዞረም። ከሕንፃው ወጥቶ በቀጥታ ኮንቴይነሩ ጋ መጣና የራስ ቁሩን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ከመዝገብሽ ልገልብጥ» አለ።

ኮምፒውተሩን አዞረችለት። አሥሩን ስም አንድ በአንድ ገለበጠ። አሥራ አንደኛ አድርጎ ከራሱ ጨምሮ «ሉዶ፣ ሰላጣ፣ ሆስፒታል የሚወሰድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ከሁሉም በላይ፣ አናቱ ላይ፣ አስቀድሞ የጻፈው ስም ነበር፤ ዲምፍና ይላል። ከጎኑ ባዶ ነው።

«አንቺስ? ምን ልበል?»

ዲምፍና ወረቀቱን አየችው። ዳቦና አይቧ መሳቢያው ውስጥ ነበር። መሳቢያውን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው።

«ትልቁን» አለች። «ከነማዮኔዙ።»

ሩዲ ጽፎ፣ ፈገግ ብሎ ሊሄድ ዞር አለ።

«ሩዲ!»

«አቤት?»

«ናስህን መልስ።»