ጥለቱ ወደ ላይ

ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ነጠላና ጋቢ ሻጭ ነኝ። ሱቄ ወደ ቤተ ክርስቲያናቱ በሚያወርደው መንገድ ዳር ስለሆነ ግን ላሊበላ የሚመጣ ባለ ካሜራ ሁሉ በፊቴ ያልፋል፤ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ከማዛጋት እነሱን ሳይ ኖሬአለሁ። የሚበዙት ድንጋዩን ያነሳሉ። ድንጋይ አይሰለችም፣ አያኮርፍም፣ «እስቲ አሳየኝ» ብሎ አይጨቀጭቅም። ሰው የሚያነሱት ጥቂት ናቸው፤ እኔን ያበላሹኝ እነሱ ናቸው።

አንዱ ረጅም ፈረንጅ ነበር። ከእኔ በርጩማ ይዋስና ሰውን ከበር ትንሽ ገባ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ብርሃኑ አንዱን ጉንጭ ብቻ ይመታል፣ ሌላው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ መብራት ያጠረው መስሎኝ ባትሪዬን ላውሰው ነበር። ሌላዋ ሴት ነበረች፤ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች። ተቀማጩ ደረቱን ይነፋል፤ ዝም። ፈገግ ይላል፤ ዝም። በመጨረሻ ይሰለቸዋል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ሐሳቡ ወደ ከብቶቹ ይሄዳል። ያኔ ቀጭ ታደርገዋለች። ይህችስ ነጋዴ ናት አልሁ። እኔም ዋጋ የሚከራከረኝን የማሸንፈው በዚሁ ነው።

እንግዳ ሲጠፋ፣ ሥራ ፈትቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ አስጎብኚ ካሜራውን ሸጠልኝ። ከሰውዬው በሩን፣ ከሴትዮዋ ዝምታዋን ወሰድሁ። ግን የሰው ግልባጭ መያዝ አልወድም፤ የራሴን ካልጨመርሁበት ምኑ ሥራ ሆነ? ስለዚህ ካሜራው ዓይኑን ቶሎ እንዳይጨፍን አድርጌ ተቀማጩን «አባታችን ሆይ በል» እለው ጀመር። በምስሉ ላይ ዓይኑ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ አፉ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ እንደ ጭስ ይበተናል። ለእኔ ይህ የጸሎት መልክ ነው።

ለሌላው ሰው አይደለም። «አፌን የት አደረግሽው?» አለኝ ባለ ሥጋ ቤቱ። ቅዳሜ ከብልባላ ለገበያ የወጣ አንድ ገበሬ ምስሉን ትክ ብሎ አየና «እኔ ሙሉ ሰው ነኝ፤ ግማሼን ለማን ሰጠሽው?» ብሎ ተቆጣ። ጉንጩ ጨለማው ውስጥ እንዳለ ላስረዳው ሞከርሁ። «ካለ አውጭው!» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል?

ከሁሉ ያንገበገቡኝ ግን ጎረቤቴ ቄሱ ናቸው። ያን የመሰለ ፊት በላስታ የለም፤ ነገር ግን ፈረንጅ አሰልጥኖ ጨርሶታል። ካሜራ ሲነሳ እጃቸው ሳያዝዙት ኪስ ይገባል፣ ጥቁር መነጽር ያወጣል፤ ያ ሁሉ ዓመት ብልጭታ ዓይናቸውን ሲወጋው የለመዱት ነው። መስቀሉ ደረት ላይ፣ አገጭ ወደ ሰማይ።

«አባ፣ እኔ ብልጭታ የለኝም፤ መነጽሩን ያውልቁት።»

«ለምዶብኝ ነው፣ ልጄ።»

«መስቀሉንም ያስቀምጡትና እንደ ቤትዎ ይሁኑ።»

«ቤቴ ማን አንስቶኝ ያውቃል?»

ዝምታውን ሞከርሁባቸው። ሲቆይ የሰለቸው እኔን ነው። እሳቸው ቅዳሴ ቆመው ያደጉ ናቸው፤ በመቆም ማን ያሸንፋቸዋል?

አንድ ቀን ታዲያ ሱቄ ድረስ መጡና በሩን ይዘው ቆሙ። «የእኔን ተይው። ባለቤቴን አንሽልኝ።»

ደነገጥሁ። ባለቤታቸው ካሜራ ካዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ እንቅርት አለ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው አድጎ አሁን ጡጫ ያህላል። ሰሞኑን መተንፈስ ስለከለከላቸው ደሴ ሐኪም ቤት ቆርጦ እንዲያወጣው ቀን ተቆርጧል።

«ነገ ትሄዳለች» አሉኝ። «የእኔ ፊት ስንት አገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ይሉኛል። የእሷ አንድም ቦታ የለም። እግዜር ይመልሳታል፤ ግን እንዲያው...» የቀረውን ዋጡት። እኔም አላስጨረስኋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት በአንድ ሰዓት ቤታቸው ደረስሁ። ወደ ደሴ መንገድ የሚያደርሳቸው የጋሸናው ሚኒባስ በሁለት ተኩል ይነሳል፤ ሾፌሩ ለጳጳስም አይጠብቅም። ቄሱ በር ላይ ሲቀበሉኝ መነጽሩን አድርገዋል።

«አባ፣ ዛሬ እርስዎ አይነሱም!»

«ላግዛት ብዬ ነው» አሉና መስቀሉን ወደ ኪሳቸው መለሱት። መነጽሩ ቀረ።

እትዬን ከበሩ ገባ ብሎ በርጩማ ላይ አስቀመጥኋቸው። እኔ ደግ አስቤ ነበር፤ ምናልባት የተበላሸውም በዚህ ነው። ሴትዮዋ ዕድሜ ልክ የደበቁትን አንገት በመጨረሻው ቀን ላጋልጥባቸው? ብርሃኑ ግን አንገቱን ነበር የሚመታው። በካሜራው ሳይ ነጠላቸው ከታች ቀይና አረንጓዴ ጥለት አለው፤ ይህ ጥለት ከፍ ቢል አንገታቸውን ይሸፍናል፣ ጨለማው ውስጥም ፊታቸውን እንደ ሐረግ ይከባል። ተነሳሁ፣ ነጠላውን ገልብጬ ጥለቱን ወደ ላይ አወጣሁት፣ አገጫቸው ሥር አጣፍቼ አሰርሁት። አላመነቱም፤ «የምታውቂ አንች» ብለው ተውኝ። ተመልሼ አየሁ። እንዴት ያለ ምስል! ያ ረጅም ሰውዬ ቢያየው በርጩማዬን ይሳለማል አልሁ በልቤ።

«በሉ እትዬ፣ አባታችን ሆይ ይበሉ፤ ዓይንዎን አይንቀሉ።»

ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ልክ በዚህ መሃል ሊሰናበቷቸው የመጡ አንዲት ጎረቤት ደጃፉ ላይ ደረሱ። ወደ ውስጥ አዩ፤ ጨለማ ቤት፣ ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ ነጠላ፣ የሚንቀጠቀጥ ከንፈር፣ ራስጌ ላይ በጥቁር መነጽር የቆሙ ቄስ።

«ወየው! ወየው! ማን ነው? ማን ሞተ?»

ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ጮኹ። ከኋላቸው ለስንብት የሚመጡት ሌሎች ጎረቤቶችም ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሏቸው። ለደቂቃ ያህል ግቢው ለቅሶ ቤት ሆነ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ የሚለብስ ኀዘንተኛ ነው። ይህን ለማወቅ ነጠላ ሻጭ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን ነጠላ ሻጭ ነኝ! ለቅሶ ደራሽ ሴት ከሱቄ ስትወጣ በእጄ እያዘቀዘቅሁ ስንቷን ሸኝቻለሁ። በካሜራው ውስጥ ሳየው ጥለት መሆኑ ጠፍቶብኝ ቀለም ብቻ ሆነብኝ። ቢላ ሊነካቸው የሚሄዱ ሴት በመንገዳቸው ጠዋት ለቅሶ አለበስኋቸው።

ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ስንት ዘመን የለመንሁት ፊት ያኔ ወጣ፤ እኔ ግን ካሜራውን ማንሳት አልደፈርሁም።

«ምን አደረግሽ፣ ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ማንም አልሞተም! ፎቶ ነው! ፎቶ ነው!» እያልሁ ወደ ግቢው ጮህሁ።

«ምን ዓይነት ፎቶ ነው እንዲህ የሚያስለቅስ?» አለ ከውጭ አንዱ። «ለሷ ልማዷ ነው፤ ባለፈው የእኔን አፍ አጥፍታዋለች!» አለ የባለ ሥጋ ቤቱ ድምፅ። እሱን ደግሞ ማን ጠራው?

ከመንገዱ ክላክስ ተሰማ። እኔ ነጠላቸውን ልፈታ ስሯሯጥ ቋጠሮው ጠበቀብኝ። እትዬ እጄን ገፋ አደረጉና ራሳቸው ፈቱት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን እንዲህ አደረግሽው?»

«አንገትዎ... እንዳይታይ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ማን ደብቂልኝ አለሽ?»

«ካሜራ ሲያዩ ይዞሩ የለም እንዴ?»

«እነዚያ ፈረንጆች እኔን ሊያነሱ መጡ? እሱን ሊያነሱ ነው እንጅ» አሉ አንገታቸውን በጣታቸው እየጠቆሙ። «ዛሬ ግን የምነሳው ለቤቴ ነው። ልጆቼ በዚህ አንገት ነው የሚያውቁኝ፤ ጡት ሲጠቡ ይህን ይዘው ነው ያደጉት። ያለ እሱ ብትሰቅይኝ ማን ናት ይሉኛል።»

ተነስተው ወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱት፤ ጥለቱ ወደ ታች፣ አንገታቸው እንዳለ። ከግቢው መሃል ፀሐዩ ላይ፣ ሁለት እግራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ወደ ጎን ለቀው እንደ ወታደር ቆሙ። ከኋላቸው የታጠበ ጀሪካን ተሰቅሏል፣ ከጎናቸው ዶሮ ትጭራለች፣ ፀሐዩ ዓይናቸውን ያጨናብሳቸዋል። ከዚያ ሁሉ ፎቶ አንሺ የተማርሁት ነገር አንድም የቀረ የለም፤ በሩ የለ፣ ዝምታው የለ፣ ጨለማው የለ።

«ትንሽ ወደ ጥላው...» አልሁ።

«እንዲህ ነው።»

ክላክሱ ደገመ። ቄሱ አጠገባቸው ሊቆሙ ሲጠጉ «አንተ ይበቃሃል፣ ዞር በል» አሏቸው፤ ቄሱም ዞር አሉ። ጸሎት በሉ አላልሁም። አፋቸውን ግጥም አድርገው ቀጥ ብለው አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ አደረግሁት።

ሚኒባሱ በር ላይ መጥቶ ቆመ፤ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል። እትዬ ግን አልሄዱም፤ «አሳይኝ» አሉ። ካሜራው ጀርባ ላይ ያለውን ትንሽ መስኮት በእጄ ጥላ አድርጌ አቀረብሁላቸው። ፊታቸውን አለፉት። አንገታቸው ላይ ሲደርሱ «እዚህ ጋ አስፊው» አሉኝ። አሰፋሁት። እንቅርቱ መስኮቱን ሞላው፤ በአመልካች ጣታቸው ዳር ዳሩን ቀስ ብለው ዞሩት።

«እሽ» አሉ ለሾፌሩ ይሁን ለእኔ ሳይለይ። «አሁን ይቁረጡት።»