አናጢዋ ሳጥኖቿን ያፈረሰች ዕለት

በጋዜጣው ቢሮ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አናጢዋ» ነው የሚሏት። መዶሻ ጨብጣ ግን አታውቅም። የጋዜጣውን ድረ ገጽ የምትሠራው እሷ ናት፤ የምትሠራውም በሠንጠረዥ ነበር። ሳጥን ውስጥ ሳጥን፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሳጥን! ርዕሱ አንዱ ውስጥ፣ ፎቶው ሌላው ውስጥ፤ መሃል ላይ ክፍተት ካማራት ባዶ ሳጥን ትሸጉጣለች። ለዓይን እሰየው ነው። አንዷን ነካ ካደረጓት ግን ጉድ ፈላ፣ ገጹ በሙሉ ይንጋደዳል።

ይህን ሥራዋን የማያዩት አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ስልካቸው ላይ ጽሑፍ እያነበበ የሚናገር ፕሮግራም አለ። የልጃቸውን ገጽ ሲከፍቱበት ታዲያ ይቀባጥራል፦ «ሠንጠረዥ። ባዶ። ባዶ። ግብ ጠባቂው ዘሎ። ሠንጠረዥ። ሁለት ክፍል ቤት ይከራያል።»

«የኔ ልጅ፣ ግብ ጠባቂው ቤት አከራይ ሆነ እንዴ?» ይሏታል።

ሳቋ ያመልጣታል፤ ነገሩ ግን አያስቅም። ጋዜጣውን የሚያነቡላቸው እናቷ ናቸዋ! እናቷ ደግሞ ኳስ ሲባል ያማቸዋል። «ሁለት ለዜሮ፣ አለቀ በቃ!» ብለው ወደ ሌላው ዜና ያልፋሉ። አባት ማን አቀበለ፣ ማን ሳተ ሳይባሉ እንቅልፍ የት ይመጣል? ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፤ አባቷ ማንንም ሳይለምኑ በራሳቸው ጆሮ ያንብቡ።

ዋና አዘጋጁ ዘንድ ገባች። «ስታይል ሺት የሚባል ነገር አለ» አለችው። «ወሬው በተራ በተራው ይጻፋል፤ ቀለሙንና መቆሚያውን የሚያዘው ሌላ ፋይል ነው። ሠንጠረዡ በሙሉ ይፍረስ።»

«ደህናውን ገጽ? ምን ነካሽ?»

«ደህና አይደለማ! አባዬ አያነበውም።»

ዓይናቸው እንደማያይ ያውቃል። «በይ እሺ። ግን ስንዝር ቢዛነፍ አልምርሽም።»

የማፍረስ ደስታ እንዲህ መሆኑን ማን ነግሯት! አንድ ሠንጠረዥ ባጠፋች ቁጥር ታጨበጭባለች፤ ባዶ ሳጥን ስታገኝማ «ውጪልኝ!» እያለች ትስቃለች። ቢሮው አበደች አለ። ጨርሳ፣ እየዘፈነች፣ ገጾቹን በሙሉ ወደ ድረ ገጹ ላከች።

«ኧረ ጉድ! ኧረ ገጹ ራቁቱን ወጣ!» ሲል ዋና አዘጋጁ ጮኸ።

እውነቱን ነው። ቀለም የለ፣ ዓምድ የለ፤ ርዕስ፣ ዜና፣ ፎቶ፣ ሁሉም በግራ በኩል ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። አናጢዋ ክው አለች። ለካ በጥድፊያ ገጾቹን ልካ ስታይል ሺቱን የራሷ ኮምፒውተር ላይ ትታዋለች! ይህን ጊዜ ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ! ምን አደረግሽው? ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይነበባል እኮ! ግብ ጠባቂው ሜዳው ላይ ነው!»

«አባዬ!» አለችና ወንበሯ ላይ ዘለለች።

ዋና አዘጋጁ በሩ ላይ ቆሟል። «ጋዜጣዬ ራቁቱን ቆሞ አንቺ ትዘያለሽ?»

«አንዴ ብቻ! ላልብሰው!» አለችና ፋይሉን ላከች። ገጹ ተሰበሰበ፤ ዓምዶቹ ቆሙ፤ ቀለሙ መጣ። ዋና አዘጋጁ አፈጠጠ። «ውይ፣ ይሄማ ከድሮውም ያምራል» አለ፤ ንዴቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

እሷ ገጹን ዞር ብላም አላየችው። ልብሱ ወሬውን መልሶ ቢያዘባርቅባቸውስ? አባቷ ጋ ደወለች፤ አያነሱም። ወዲያው እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ አሁንስ ለአባዬ ይነበባል?»

«ቀስ በይ፣ እንዳትረብሺው» አሉ እናቷ በሹክሹክታ። «ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ጨዋታውን ለኔ እያነበበልኝ ነው። አንዷን ኳስ እንኳ አልዘለለልኝም! ይበለኝ፣ ስንቱን ዘልዬበታለሁ። በይ ቻው፣ ገና ዕረፍት እንኳ አልወጡም።»