የአክስቴ ጥሩዬ ጭማሪ

ባለፈው ሳምንት ወረታ መናኸሪያ፣ የባሕር ዳር ሚኒባስ በር ላይ ጉልበቴን እያሻሸሁ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ወንድሜ የሰጠኝን ሩዝ በጆንያ ይዣለሁ። ከፊቴ ያለችው ሽንኩርት ነጋዴ ከረዳቱ ጋር በዕቃ ጭማሪ ስትጨቃጨቅ ቆየች። የእኔ ተራ ሲደርስ ረዳቱ ጆንያዬን አንሥቶ ከመቀመጫው ሥር አስገባና፣ «እማማ፣ ለእርስዎ ጭማሪ የለም፤ ይግቡ» አለኝ።

አመስግኖ መግባት ነበር የሚገባኝ። እኔ ግን ክፉ ቃል የሰማሁ ያህል ደንግጬ ቀረሁ።

ጭማሪ ለከተማ ሰው ቀላል ቃል ነው። በቤት ኪራይ ይመጣል፣ በታክሲ ይመጣል፣ በዳቦ ይመጣል፤ ደመወዝ ላይ ካልሆነ በቀር ሰምቶት የሚደሰት የለም። እኔ ባደግሁበት በፎገራ ሜዳ ግን ቃሉ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ ከመንደራችን ወደ አስፋልቱ የሚያወጣን የአያ መኳንንት የደንገል ታንኳ ብቻ ነበር። ሰው ለራሱ የታወቀች ዋጋ ይከፍላል። ዶሮ፣ እህል ወይም ቅቤ የያዘ ደግሞ ጭማሪ ይጠየቃል፤ እሱም የሚቆረጠው በክርክር ነው። ሕመምተኛ ጭማሪ የለበትም፤ ስንቁም ምንጣፉም አይቆጠርበትም። አስከሬንም እንደዚያው። ይህን የጻፈው ሰው የለም፣ የሚስተውም አልነበረም።

አክስቴ ጥሩዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይኖራት፣ በገዛ ጎጆዋ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ምላሷ ስለታም፣ ሳቋ ጎረቤት የሚቀሰቅስ። አንድ ክረምት ውኃ ውስጥ ቆማ ሩዝ ስታርም ከርማ ጉልበቷን ያዛት። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ለእሷ መከራ ሆነባት። «መሬቱን ለእኩል አራሽ እንስጠውና አንቺ እኛ ቤት ትጦሪያለሽ። እስከ አጨዳው ካልተሻለሽ ሌላ ነገር አልሰማም» አላት። ከቤቷ ከምትወጣ ብትሞት ትመርጥ ነበር። ስለዚህ ወንዛዬ ፍል ውኃ ልትሞክር ተነሣች፤ እኔን፣ ገና ትዳር ያልያዝሁትን ኮረዳ፣ ለድጋፍ አስከተለችኝ።

መስከረም ሊያልቅ ነበር። የወጣነው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ጉሙ ውኃው ላይ ተኝቶ ሰማዩና ሜዳው የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም፤ የጣራ ገዳም ተራራ ብቻውን ከሩቅ የተንሳፈፈ ይመስላል። ደረቅ ቦታ ባገኘችበት ሁሉ አደይ አበባ ቢጫ ሆና ብቅ ብላለች። ከብት በማይታይበት እምቧታ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ ያን ጠዋት በእውኔ ይሁን በሕልሜ ያየሁት ይምታታብኛል። የርጥብ ደንገሉና የጭቃው ሽታ ግን አይምታታብኝም፤ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ይሸተኛል።

አክስቴ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ ጥላ እግሯን እየጎተተች ከውኃው ዳር ደረስን። ስንቁን፣ ቁርበቱንና ለማደሪያ የምንሰጠውን እህል እኔ ተሸክሜያለሁ። አያ መኳንንት ሁለት ሦስት ሰው አሳፍሮ፣ ዘንጉን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ይጠብቀን ነበር። ዓይኑ እግሯ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ለሰለሰ።

«ግቢ፣ እት ጥሩዬ። አንቺስ ጭማሪ የለብሽም። እግዜር ይማርሽ።»

አክስቴ አንድ እግሯ ታንኳው ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ እንዳለ ቆመች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። የአያ መኳንንት ወሬ ከታንኳው ይፈጥን ነበር። ጥሩዬን ያለ ጭማሪ አሻገርኋት ካለ፣ ማታውኑ አባቴ ጆሮ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጎጆው ተዘጋ ማለት ነው።

«ማን ታመመ አለህ?» አለችው። «ይኸን ሁሉ ጓዝ ጭኜ?»

«ኧረ ወንዛዬ እየሄድሽ አይዶል እንዴ?»

«ገላዬን ልታጠብ ነው የምሄድ! ገላውን የታጠበ ሁሉ በሽተኛ ነው? በል ጭማሪህን ቁረጥ!»

አያ መኳንንት እኔን አየኝ፤ እኔ ውኃውን አየሁ። ከዚያ ሪዙ ሥር ፈገግታ ቀስ ብላ መጣችና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እንግዲያውስ የሁለት ሰው ዋጋ ትጨምሪያለሽ!»

«የሁለት ሰው? ላም ጭኛለሁ እንዴ፣ አንተ ቀማኛ!»

ታንኳው ጉሙን እየገመሰ ሲሄድ ተከራከሩ፣ ውኃው መሀል ስንደርስም ተከራከሩ። ሌሊቱን ስታቃስት ያደረችው ሴት ድምፅ በዚያ ጸጥታ ላይ ጠርቶ ይሄድ ነበር። የቀሩት ተሳፋሪዎች በሳቅ ፈረሱ። ማዶ ስንደርስ በጠራው ግማሽ ተስማሙና ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለችው። ያን ሰዓት ሁለቱንም እንዴት እንደወደድኋቸው!

ከወንዛዬ ጨርሳ ድና አልተመለሰችም፤ ምርኩዝ ይዛ ብቻዋን ለመሄድ ግን በቃች። ስንመለስ አያ መኳንንት ከሩቅ «ጭማሪ አለብሽ!» ብሎ ጮኸ። ጥሩዬ ባለታንኳውን እንዴት በክርክር እንዳስለቀሰችው መንደሩ አስቀድሞ ሰምቶ ኖሯል። አባቴም «እንዲህ የምትሟገት ሴት ምኗ ይጦራል?» ብሎ ሳቀ፤ የመሬቱን ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖረች። አንዲት እንቁላል ይዛ ብትሻገር እንኳ አያ መኳንንት ጭማሪ ይጠይቃታል፤ እሷም ደስ እያላት ትሰድበዋለች። ያረፈችው በገዛ ጎጆዋ፣ በክረምት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከውኃው ማዶ ስለነበር በታንኳው አሻገርናት። አስከሬኗ ሲገባ አያ መኳንንት ዘንጉን ይዞ ጥቂት ቆመ።

«ዛሬስ ጭማሪ የለብሽም፣ እት ጥሩዬ» አለ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ይህን ነው የሚኒባሱ ረዳት ሳያውቀው የቀሰቀሰብኝ። ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ ሽበቴን አይቶ ማክበሩ ነው። እኔ ግን ማዶ ለመሻገር ገና ነኝ።

«ና እስቲ» አልሁት፤ «ለጆንያው ስንት ነው?»

«ኧረ ይተዉት፣ እማማ።»

«ቁረጥ ብዬሃለሁ!»

ግራ ገብቶት ሾፌሩን አየው። «በቃ… ሃምሳ ብር» አለ።

«ሃምሳ? ላም ጭኛለሁ እንዴ?» አልሁት። ድምፄ የአክስቴን ድምፅ መስሎ ራሴኑ አስደነገጠኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ረዳቱም ሳቀ፤ እየተከራከርን ሠላሳ ላይ ተስማማን። ከፍዬው ስገባ ጉልበቴ ቆረጠመኝ። ማንም እንዳያይብኝ ጥርሴን ነክሼ ደረጃውን ወጣሁ።