ከመጋረጃው ውስጥ ያየሁት

በደርግ ጊዜ የአውሮፕላን ጠለፋ ያሰጋል ተባለና በየማረፊያው ተሳፋሪ ሁሉ ይፈተሽ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ፍኖተ ሰላም ዳር ላለችው የሣር ሜዳም ደረሰ። ወንዶቹን የሚፈትሽ ፖሊስ ነበረ። ሴት በወንድ እጅ እንዴት ትዳሰሳለች ተብሎ ቀበሌው ሴት ይፈልግ ጀመር። ባሌ ሞቶብኝ፣ ልጅ ሳልወልድ፣ ብቻዬን እኖር ነበር፤ ማንበብና መጻፍም እችላለሁ። እኔን መረጡ። ባሕር ዳር ወስደው ሦስት ቀን አስተማሩኝና ጠረጴዛ፣ የሸራ መጋረጃና መቀስ ሰጥተው መለሱኝ።

አውሮፕላኑ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ክረምት ሜዳው ሲጨቀይ ጭራሽ አይመጣም። ድምፁ ሲሰማ ከብቱ ከሜዳው ይባረራል፤ ሴቶቹም አንድ አንድ እያሉ መጋረጃው ውስጥ ይገባሉ። የመቀነታቸውን እጥፋት እዳብሳለሁ፣ የማር ገንቦ ውስጥ እንጨት እሰዳለሁ፣ የተሰፋ ነገር ካለ እፈታለሁ። ከሰው ያጣላኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። በእኛ አገር አደራ የሚላክ ዕቃ አፉ ተሰፍቶ ነው የሚሰጠው፤ ተቀባዩም መጀመሪያ የሚያየው ስፌቱን ነው። መቀሴን ባነሣሁ ቁጥር ሌባ ያልኳቸው ይመስላቸዋል። ከጅጋ የመጣች አንዲት ሴት «እጅሽ ይሰበር» አለችኝ። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ «ተሰብሮም ይፈታዋል» አልኳት።

ቀስ በቀስ ሰው ራቀኝ። ገበያ ላይ ሰላምታው አጠረ። የማርያም ማኅበራችን ሴቶች ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ጆሮ ጠቢ ናት ብለው ነው። አልነበርኩም፤ ግን ማን ያምናል? ሰው የሚጠያየቅበት እሑድ ሲመጣ ይጨንቀኝ ነበር። ደጄን የሚረግጡት የክርስትና እናቴ ብቻ ነበሩ። ማኅበሩ ውስጥም የሚሟገቱልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ካጣሁ ማንም እንደማይቀረኝ አውቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከተሳፋሪዎቹ ጋር ተሰልፈው አየኋቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ሁሉም ያውቃል፤ የማኅበሩ ሴቶች ሊሸኟቸው ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። እሳቸው በብብታቸው አፉ የተሰፋ ከረጢት ይዘዋል።

«እናቴ፣ ይህን መፍታት አለብኝ» አልኳቸው መጋረጃው ውስጥ።

«የሰው አደራ ነው ልጄ፣ ኧረ ተይው።»

«ደንቡ አይፈቅድልኝም። ይማሩኝ።»

«ምነው፣ እኔንም?»

ፖሊሱ ከውጭ ቶሎ በይ ይለኛል። መቀሴን አንሥቼ ስፌቱን ቆረጥኩት። አዲስ ነጭ አቡጀዴና የታጠፈ ሰሌን ወጣ። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው መገነዣ መሆኑን አያጣውም። የማን ነው ልል ቀና ስል ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

«ሐኪም ቤት ነው የምሄደው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጡቴ ላይ ያለው አድጓል፤ የምመለስ አይመስለኝም። ለልጄ ጣጣ እንዳላበዛበት ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። እነዚያ ከሰሙ ዛሬውኑ ለቅሶ ይቀመጣሉ። በማርያም ይዤሻለሁ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ማልኩላቸው። ከረጢቱን መልሼ ሰፋሁት። ሳሙኝና ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ።

አውሮፕላኑ እንደ ተነሣ የማኅበሩ ሴቶች ከበቡኝ። «የክርስትና እናትሽንም ፈተሽሻቸው? ምን አገኘሽባቸው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው ያስለቀስሻቸው?»

አንድ ቃል ብናገር ከዚያ ሁሉ ዓይን እድን ነበር። መጋረጃዬን አጣጥፌ ጥያቸው ሄድኩ። ለኩራት ቆጠሩብኝና በሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ተራዬ ሲደርስ ዘለሉኝ።

መርዶው የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ድንገት ሞቱ ብለው ሁሉም ደረታቸውን ደቁ። ለቅሶው ቤት ስገባ ጠጋ ብሎ ቦታ የሰጠኝ የለም፤ በሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። አንዷ «አስለቅሳ የሸኘቻቸው እኮ ይችው ናት» ስትል ሰማሁ። አልተቆጣሁም። ለእነሱ ኀዘኑ ዛሬ መጀመሩ ነው፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን አልቅሼላቸው ነበር። ያንን ልነግር የምችለው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዛሬ የምናለቅሰው እሳቸውን ነው።