ስለ ጋሼ ታደለ ጽሑፍ የተጠየቅኩት

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይኼኛው ምላሴ ላይ ደርሶ ይመለሳል። አሁን የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ይመስለኛል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ቶሮንቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ እማር ነበር። ከእናቴ ጋር ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ አንድ ረጅም ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን። ጋሼ ታደለ እዚያው ሕንፃ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው፣ ከሚስታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። አዲስ አበባ ዲግሪያቸውን ሳይጨርሱ ታስረው፣ ከዚያ በሱዳን በኩል የወጡ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ገቡ። ስታቲስቲክስ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው። ክፍል ውስጥ ያልገባኝ ነገር እርሳቸው በአማርኛ ሲያስረዱኝ ፍንትው ይልልኝ ነበር። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ይተሳሰራሉ። ቃል ሲጠፋቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እስኪያገኙት ሰሚው ይሰለቻል።

በትምህርት ክፍላችን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ነበር። ውጤቱ ጥሩ የሆነ ተማሪ ይጋበዛል፤ አንድ ጽሑፍ ያስገባል፤ ከዚያ ለኢንተርቪው ይቀርባል። የገባ ሰው ለሥራም ለማስተርስም በር ይከፈትለታል። በዚያ ዓመት ከሐበሻ የተጋበዝነው እኔና ጋሼ ታደለ ብቻ ነበርን።

እርሳቸው የጻፉት ስለ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ነበር። ስኳሩ ርካሽ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ የሚያጠፋው ጊዜ ራሱ ዋጋ ነው፤ ያ ዋጋስ የሚከብደው በማን ላይ ነው? የሚል ነው። በእጃቸው የጻፉትን ኮምፒውተር ላይ ታይፕ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። አንዳንድ ቦታ ሰዋስው አርሜያለሁ። ሐሳቡ ግን፣ ስሌቱ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ የእርሳቸው ነው። ሰርዘው ደልዘው ሦስት ጊዜ ሲጽፉት በዓይኔ አይቻለሁ። ታይፕ ሳደርገውም ከእኔ ጽሑፍ በጣም እንደሚበልጥ ገብቶኝ ነበር። ይህ እንዳንገበገበኝ ያኔ ለራሴም አልነገርኩም።

ኢንተርቪው እርሳቸው ጠዋት ገቡ፣ እኔ ከሰዓት። አንድ ፕሮፌሰርና ሁለት የማኅበሩ ተማሪዎች ነበሩ። ስለ ጽሑፌ ጥቂት ጠይቀውኝ ልነሳ ስል ፕሮፌሰሩ፣ "ሚስተር ታደለን ታውቂዋለሽ አይደል?" አለኝ።

"አዎ፣ አውቃቸዋለሁ።"

"ጠዋት ሲናገር ሰምተነዋል። ይህን ጽሑፍ የጻፈው እውነት ራሱ ነው?"

አዎ ብል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ታይፕ ማድረጌን ካወቁ እኔ የጻፍኩላቸው ይመስላቸዋል ብዬ ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ በሆነ! እኔ ብቻ ልግባ የሚል ነገርም ውስጤ ነበር። "እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም" አልኩ። ፕሮፌሰሩ ራሱን ነቅንቆ አንድ ነገር ጻፈ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ።

አውቅ ነበር። እያወቅኩ አላውቅም አልኩ። ሐሰት መናገር እንኳ አላስፈለገኝም፤ ማመንታት በቃኝ።

ለእኔ የእንኳን ደስ ያለሽ ደብዳቤ መጣ፤ ለእርሳቸው "እናዝናለን" የሚል። ማኅበሩ አዲስ አባላትን በተቀበለበት ቀን ጋሼ ታደለ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጠው አጨበጨቡልኝ። ስንወጣ እጄን ያዙኝ።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ልጅ። እኔንማ ጽሑፉን ተጠራጠሩት። ታይፕ ያደረገችልኝ እሷ ናት፣ ስጽፍም አይታኛለች፣ እሷን ጠይቁ ብያቸው ነበር። ሳይጠይቁሽ ቀሩ መሰለኝ?"

ለካ ምስክር አድርገው የጠሩኝ ራሳቸው ናቸው። ለካ ያ የፈራሁት ነገር፣ ታይፕ ማድረጌ፣ ለጠያቂዎቹ ቀድሞ ተነግሯቸው ኖሯል።

"አልጠየቁኝም፣ ጋሼ" አልኩ።

ጋሼ ታደለ ማስተርስ መቀጠል ይፈልጉ ነበር። በሚፈልጉት የጥናት ዘርፍ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላቸው የሚችለው ያ ፕሮፌሰር ነበር። "ያላመነኝን ሰው ምን ብዬ ልለምነው?" ብለው ለእናቴ ነገሯት፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ ሰሃን አጥብ ነበር። ዞር አላልኩም። ዲግሪያቸውን ጨረሱና የዚያው የምንኖርበት ሕንፃ ሱፐር፣ ማለትም ተቆጣጣሪና ጠጋኝ፣ ሆኑ፤ የተዘጋ ቧንቧ ሲከፍቱ፣ የተበላሸ ሊፍት ሲያስጠግኑ ኖሩ። ሥራው የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም። የመረጡት አልነበረም እንጂ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ስይዝ ጠያቂዬ ያነሳው ስለ ማኅበሩ ነበር፤ ፈገግ ብዬ መለስኩለት።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ስደተኛ ነበርኩ ልበል? እርሳቸውስ ምን ነበሩ?

ጋሼ ታደለ በሕይወት አሉ። በቅርቡ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ አንድ ግሮሰሪ ደጃፍ አገኘኋቸው። ጉንጬን ስመው፣ "እናትሽ ደህና ናት?" አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ሄድኩ።

ለእናንተ መንገር ለእርሳቸው ከመንገር ይቀላል፤ ስለሚቀልም ነው የነገርኳችሁ። ይቅርታ አልጠይቃችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።