የመሪጌታ የዓሣ ደብተር

ሥራ የጀመርሁት ከኮሌጅ በወጣሁ በሳምንቱ ነው። አለቃዬ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምግብ ቤቶችን ሒሳብ የሚይዙ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ካልኩሌተር ሰጡኝና «እትዬ ሙሉ ዘንድ ሂድ፤ ብላ ካሉህም ብላ» አሉኝ።

እትዬ ሙሉ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጠብሳሉ። ሽያጩን የሚመዘግቡት ባለቤታቸው መሪጌታ ናቸው። ቀኑን የሚጠሩበትን የቅዱሳኑን ስም በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ቀለም ይጽፋሉ። ከኅዳጉ ላይ ደግሞ «ነፋስ ሆነ፤ ታንኳ አልወጣም» የመሰለ ማስታወሻ አለ። ደብተሩ ዘይት ጠጥቷል። እኔ የትናንቱ ምሩቅ ሳቄን ዋጥሁ።

ሦስት ቀን ተቀምጬ ቁጥሩን በሰማያዊ እስክርቢቶ ወደ አዲስ መዝገብ ገለበጥሁት። ማስታወሻዎቹን ተውኋቸው፤ ሒሳብ አይደሉማ።

«አሮጌውንስ ምን ላድርገው?» አሉ እትዬ ሙሉ።

«ከእንግዲህ አያስፈልግዎትም።»

«እንግዲህ የተማርኸው አንተ ነህ» ብለው ከሰል አቀጣጠሉበት።

የግብር ገማቾቹ የመጡት በሁዳዴ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር መሪጌታ አይነኩትም፤ የቤቱ ገበያ ግን ጾም ነው። ፋሲካ ካለፈ ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ገማቾቹ ያን የሞላ ቀን ለዓመቱ አባዙት። የመጣው ግብር ቤት የሚያዘጋ ነበር።

መዝገቤን ይዤ ለአቤቱታ ግብር ቢሮ ሄድሁ። አቤቱታ የምትቀበለው ባለሙያ ገጾቹን ገለጠች።

«ወንድሜ፣ የዓመት ሽያጭ በአንድ እስክርቢቶ? አንድ ስርዝ እንኳ የለውም። ዋናውን አምጣልኝ።»

ዋናው አመድ ሆኗል። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ማለት እኔ ነበርሁ።

ለመሪጌታ ስነግራቸው አልተቆጡም። «አይዞህ ልጄ፤ ለማሳመር ብለህ ነው» አሉኝ። እትዬ ሙሉ እንደ ወትሮው ዓሣ አቀረቡልኝ። ያለ የሌለ ጥሪታቸውን ሸጠው ግብሩን ከፈሉና ቤቱን ዘግተው እንፍራንዝ ዘመድ ዘንድ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ምግብ ቤት ሒሳብ ይዣለሁ። አሁን ፔዳ ግቢ አጠገብ የራሴ ቢሮ አለኝ፤ ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ነው። ሐይቁ ነፋስ ባነሣ ቁጥር ግን ሁለቱም ይናፍቁኛል። ዛሬ መሪጌታ ምን ይጽፉ ነበር እላለሁ። ቁጥሩ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ማንበብ የምፈልገው ያልገለበጥሁትን ነው።

አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች የምነግራቸው ይኼን ነው፦ ዋናውን ደብተር አትጣሉ።